ነፃ ዩሲ የሚሰጥ ሰው የለም

“ነፃ ዩሲ”፣ “ነፃ ዳይመንድ”፣ “ነፃ ሮበክስ” የሚል ሊንክ ያልደረሰው ልጅ አሁን ያለ አይመስለኝም። ቲክቶክ ኮመንት ውስጥ አለ። ዩቲዩብ ቪዲዮ ስር አለ። ቴሌግራም ላይማ ሞልቷል፤ የክፍል ግሩፕ ውስጥ ሳይቀር ጓደኛ ለጓደኛ ይላላከዋል። ወላጅ ስልኩን ተቀብሎ ቢያየው እንኳ ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ ምክንያቱም ዩሲ ምን እንደሆነ አያውቅም። የጨዋታ ነገር ይመስለዋል። እኔ ግን የጨዋታ ነገር ነው ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ስለዚህ ዛሬ የማውቀውን ልጽፈው ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ለማያውቅ ላስረዳ። ፐብጂ ሞባይል የሚባለው የተኩስ ጨዋታ የራሱ ገንዘብ አለው፣ ዩሲ ይባላል። የፍሪ ፋየር ዳይመንድ ነው። የሮብሎክስ ሮበክስ፣ የፎርትናይት ደግሞ ቪ-ባክስ። በእውነተኛ ገንዘብ ይገዛል፣ ከዚያ በእሱ ለተጫዋቹ ልብስ፣ ለመሣሪያው ቀለም፣ ጭፈራ ምናምን ይገዛል። ልጆቹ ስኪን ይሉታል። አብዛኛው ስኪን ተጫዋቹን ጎበዝ አያደርገውም፣ መልኩን ብቻ ነው የሚቀይረው። ታዲያ ለምን ይሞቱለታል? ጓደኞቻቸው እዚያ ውስጥ ስላሉ ነው። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል፣ በነፃ የሚሰጠውን ልብስ ለብሶ የቆመ ልጅ “ኑብ” ተብሎ ይሳቅበታል። ለ12 ዓመት ልጅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ዋጋው ስንት ነው? 60 ዩሲ በመደበኛው ዋጋ አንድ ዶላር ሊሞላ አንድ ሳንቲም የቀረው ነው። 400 ሮበክስ ለብዙ ዓመታት በ4 ዶላር ከ99 ሳንቲም ሲሸጥ ኖሯል። ትንሽ ይመስላል። ግን ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በልጅ ኪስ ሲታይ ይሄ ብዙ ነው። ደግሞ ዋጋው ብቻ አይደለም ችግሩ። አብዛኛው ሰው እጅ ላይ ያለው የባንክ ካርድ በብር የሚሠራ ነው፣ ውጭ ያለ የጨዋታ መደብር አይቀበለውም። አባትየው 200 ብር ሊከፍል ፈቃደኛ ቢሆን እንኳ በቀላሉ የሚከፍልበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ልጁ ወይ ቴሌግራም ላይ ከሚቸረችር ሰው በቴሌብር ይገዛል፣ ወይ ውጭ ያለ ዘመድ ጊፍት ካርድ (አስቀድሞ የተከፈለበት መግዣ ካርድ) እንዲልክለት ይለምናል። ሁለቱም ካልሆኑለት “በነፃ” የሚለው ሊንክ ይጠብቀዋል። ሰዎች “ስግብግብ ስለሆኑ ነው የሚበሉት” ሲሉ እሰማለሁ፣ ያናድደኛል። ልጁ ሌላውን በር ሁሉ አንኳኩቶ ነው እዚያ የደረሰው።

ኮምፒውተርና ስልክ ስለምነካካ የሰፈር ልጆች አንድ ነገር ሲበላሽባቸው እኔ ጋ ይመጣሉ። ባለፈው አንዱ የእናቱን ስልክ ይዞ መጣ። “ጋሼ፣ ይሄ ነገር ይሠራል?” አለኝ። ገጹን ከፍቶታል። ጥቁር ነው፣ ላዩ ላይ የፐብጂ ወታደር ቆሟል። የተጫዋች መለያ ቁጥር ማስገቢያ ሳጥን አለው፣ ከስሩ ደግሞ የሚመረጥ መጠን አለ፦ 660፣ 1800፣ 3850፣ 8100። 8100ውን መርጧል። ታች በኩል “እከሌ አሁን 8100 ዩሲ ተቀበለ” የሚል ጽሑፍ በየሰከንዱ ብቅ ይላል፣ ጎን ላይ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት አለ፣ “ሊያልቅ ነው” ይላል። እውነቱን ለመናገር ገጹ በደንብ ነው የተሠራው። ልጅ ቢያምነው አይፈረድበትም።

“አንድ ነገር እንሞክር” አልኩት። ገጹ ተከፍቶ እንዳለ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አደረግሁት። ዳታ የለም፣ ዋይፋይ የለም። መለያ ቁጥር በሚለው ቦታ ላይ የራሱን አጥፍቶ አንድ አንድ አንድ እያለ እንዲሞላው አደረግሁ። “በል አሁን ጀምር በለው።” ነካው። መስመሩ መሙላት ጀመረ። አረንጓዴ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ይወርዳል፦ ከሰርቨሩ ጋር ተገናኝቷል፣ አካውንቱ ተገኝቷል፣ 8100 ዩሲ እየተጫነ ነው። ኔትወርክ በሌለው ስልክ ላይ፣ በሌለ ተጫዋች ስም። ልጁ ከላይ ያለችውን የአውሮፕላን ምልክት ያያል፣ ተመልሶ መስመሩን ያያል። ቆይቶ “ስሞቹስ?” አለኝ። ኮምፒውተር ላይ የገጹን ኮድ ከፈትኩለት። ስሞቹ በሙሉ ተራ በተራ ተጽፈው ተቀምጠዋል፣ ከስራቸው ከእነዚህ ውስጥ በዘፈቀደ አንዱን አውጣ የሚል ትእዛዝ አለ። ጣቱን እያስኬደ ራሱ አነበባቸው። “ተቀበለ” ከተባሉት ውስጥ አንድም ሰው አልነበረም።

ይሄን ነገር ማንም ወላጅ ቤቱ ሊሞክረው ይችላል፤ ገጹን መክፈት፣ ኔትወርኩን ማጥፋት፣ ጀምር ማለት ነው። ሁሉም ገጽ እንደዚህ አይሠራም፣ አንዳንዱ ኔትወርክ ሲያጣ ይቆማል። ከዚያ ውጭ ሌላ ነገር አይንካ፣ የራሱንም ቁጥር አያስገባ እንጂ ከልጅ ጋር አብሮ ለማየት እንደዚህ የሚያስረዳ ነገር አላገኘሁም። እኔ ግማሽ ሰዓት ብናገር እሱ መስመር በራሱ የሞላውን ያህል አያሳምነውም ነበር።

ለምን እንደማይቻልም መታወቅ አለበት፣ ምክንያቱም ልጆች “ሀከሮች ናቸው እኮ፣ ሰብረው ገብተው ቢሆንስ?” ይላሉ። ዩሲው ያለው ስልኩ ውስጥ አይደለም። የቴሌብር ቀሪ ሂሳባችሁን አስቡት። ስልኩ ላይ የምታዩት ቁጥር ሌላ ቦታ የተመዘገበውን የሚነግራችሁ ነው፤ ስልኩ ላይ ያለውን ቁጥር አንድ ሰው አንድ ሚሊዮን አድርጎ ቢቀይረው ሱቅ ሄዳችሁ ዳቦ አትገዙበትም። የጨዋታ ገንዘብም እንደዚያው ነው፤ መዝገቡ ያለው የኩባንያው ሰርቨር፣ ማለትም የራሱ ዋና ኮምፒውተር ላይ ነው፣ እዚያ የሚጽፈው ኩባንያው ብቻ ነው። ሮብሎክስ ራሱ በእርዳታ ገጹ ላይ ሮበክስ የሚያመነጭ ምንም ነገር የለም ብሎ በግልጽ ጽፏል። አንድ ሰው እንደምንም ሰብሮ ቢገባ እንኳ ኩባንያው ያልተከፈለበትን ገንዘብ አይቶ ይሰርዘዋል፣ አካውንቱንም ይዘጋዋል።

ግን ልጆቹ ከሜዳ ተነስተው አይደለም የሚያምኑት። ሮብሎክስ እስከ 2016 (በፈረንጅ) ድረስ ቲክስ የሚባል ሁለተኛ ገንዘብ ነበረው፣ በየቀኑ ለገባ ሰው 10፣ 10 በነፃ ይሰጥ ነበር። ፎርትናይት ባትል ፓስ በሚባለው የሽልማት መሰላሉ ላይ ደረጃ ላሳደገ ተጫዋች ጥቂት ቪ-ባክስ ይሰጣል። ፐብጂም በራሱ ገጽ ላይ ኮድ እየተሞላ ዕቃ የሚወሰድበት አሠራር አለው። ስለዚህ “በነፃ የሚባል ነገር የለም” ብላችሁ ብትቆጧቸው ልጆቹ እንደማታውቁ ያውቃሉ። የሚሰጠው ኩባንያው ነው፣ በጨዋታው ውስጥ ወይም በራሱ ገጽ፣ በጥቂቱ። 8100 የሚሰጥ የለም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፣ ምክንያቱም ያ ሰው ገጹን ለጽድቅ አልሠራውም። መስመሩ መቶ በመቶ ሲሞላ “ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ” የሚል ይመጣል። ይሄ ነው ዋናው ቦታ፤ ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ልጁን እዚህ ለማድረስ ነው። ሲነካው ዝርዝር ይወጣል፦ ይሄን አፕ ጫን፣ ይሄን መጠይቅ ሙላ፣ ስልክ ቁጥርህን አስገባ። ከዝርዝሩ ጀርባ ማስታወቂያ አስነጋሪዎች አሉ፣ አንድ ሰው አፕ ሲጭን ወይም ቁጥር ሲያስገባ ለገጹ ባለቤት ኮሚሽን ይከፍላሉ። ልጁ ሁለቱን ሠርቶ ይመለሳል፣ “አልተሳካም፣ ሌላ ሞክር” ይለዋል። ሌላ ይሠራል። በእያንዳንዱ ሙከራ ያ ሰው ይከፈለዋል። ልጁ ግማሽ ቀን ሙሉ ሳያውቅ ለማያውቀው ሰው ሲሠራ ይውላል፣ ዳታውንም ይጨርሳል፣ ማታ ላይ ዩሲው ዜሮ ነው።

ስልክ ቁጥር የሚለው ደግሞ የባሰ ነው። ቁጥሩን ሲያስገቡ በመልእክት ኮድ ይመጣል፣ ኮዱን ሲያስገቡ በብዙ ቦታ ይሄ ማለት ለአንድ የመልእክት አገልግሎት ተመዝግቤያለሁ ማለት ነው። ከዚያ በየቀኑ ጥቂት ብር ከካርድ ላይ ይቆረጣል። እናት “ካርድ ሞልቼ ቶሎ አለቀብኝ” ትላለች፣ ማን እንደወሰደው አታውቅም። ኮዱ የቴሌግራም መግቢያ ኮድ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ቴሌግራም ኮዱን ሲልክ ከቴሌግራም ነኝ ለሚል ሰው እንኳ ለማንም አትስጡ ብሎ አብሮ ይጽፋል፤ ግን በእንግሊዝኛ የመጣ መልእክት ማን ያነበዋል? ልጁ ቁጥሯን ብቻ ነው ያየው። አፕ ጫን ሲባል ደግሞ ከፕሌይ ስቶር ውጭ በፋይል የሚመጣ አለ። የስልኩን መልእክት ላንብብ ብሎ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ልጅ ደግሞ ሁሉንም “ፍቀድ” ይላል። የባንክ ኮድ በመልእክት በሚመጣበት አገር ይሄ ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ።

የሰፈራችን አንዲት እናት የደረሰባት ግን በሌላ መንገድ ነው። ልጇ በእሷ ስልክ ነው የሚጫወተው፣ ፐብጂ ላይ የገባውም በእሷ ፌስቡክ ነው፣ ይሄ እኛ ጋ በጣም የተለመደ ነው። አንድ ሊንክ መጣለት፣ መንኮራኩር አሽከርክር የደረሰህን ስኪን ውሰድ የሚል። አሽከረከረ፣ ትልቁ ሽልማት ወጣለት፣ ለሁሉም የሚወጣው እሱ ነው። “ለመውሰድ በፌስቡክ ግባ” አለው። የወጣው ሳጥን ፌስቡክን ይመስላል፣ ሰማያዊ ነው፣ አርማው አለ። የእናቱን ፓስወርድ አስገባ። በማግሥቱ ለዘመዶቿና ለዕድርተኞቿ በእሷ ስም መልእክት ይሄዳል፦ “ችግር ገጥሞኛል፣ ነገ እመልሳለሁ፣ ትንሽ ብር ላኩልኝ።” ሁለት ሰው ላከ። አንደኛዋ ራሷ ተቸግራ የምትኖር ጎረቤት ናት። ዩሲ ፍለጋ የተጀመረ ነገር መጨረሻው ዩሲ የሚባል ነገር ሰምታ የማታውቅ ሴትዮ ቦርሳ ሆነ። ለዚህ ነው የጨዋታ ነገር አይደለም የምለው።

ውጭ ያሉ ቤተሰቦች ጋ ደግሞ ሮብሎክስ ነው የሚበዛው። ቨርጂኒያም ሆነ ቶሮንቶ፣ ልጁ ከእናት አባቱ የተሻለ እንግሊዝኛ ስለሚችል ኮምፒውተሩን የሚመራው እሱ ነው፣ ቤት ውስጥ የሚጠይቀው ሰው የለም። እዚያ የሚመጣው ብልሃት ረቀቅ ይላል። “ሮበክስ እንድጭንልህ ብሮውዘርህ ውስጥ ያለችውን ይቺን ጽሑፍ ኮፒ አድርገህ ላክልኝ” ይሉታል። ጽሑፏ ኩኪ ትባላለች፣ ልጁ አንዴ ከገባ በኋላ ደጋግሞ ፓስወርድ እንዳይጠየቅ የምታደርገው እሷ ናት። እሷን የያዘ ሰው ያለ ፓስወርድ ይገባል። ነገሩ ስለበዛ ሮብሎክስ ኩኪው መጀመሪያ ላይ ራሱ ማስጠንቀቂያ ጽፎበታል፤ ይሄን አታጋሩ፣ ካጋራችሁ ሌላ ሰው እንደ እናንተ ሆኖ ገብቶ ሮበክሳችሁንና ዕቃችሁን ይሰርቃል የሚል ነው። ልጆች ማስጠንቀቂያውን ራሱን ከነኩኪው ኮፒ አድርገው ይልኩታል። ጊፍት ካርድ ላይም ተጠንቀቁ። አክስት ወይ አጎት ገዝቶ የሰጠውን ካርድ ቁጥር “ላረጋግጥልህ” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቁጥሩን ካየው ካርዱ የእሱ ሆነ ማለት ነው።

ቴሌግራም ላይ የሚሸጡትን በሙሉ ሌባ ናቸው አልልም። በሐቅ የሚሠሩ ወጣቶች አሉ፣ ኑሯቸውን የሚደጉሙበትም አሉ፣ መክፈያ መንገድ ባጣ አገር ውስጥ የሚያስፈልግ ሥራ ነው የሚሠሩት። ግን እነሱን መስሎ የሚነሳው ብዙ ነው። በግማሽ ዋጋ ይላል። “ፕሩፍ” (ማስረጃ) ብሎ የክፍያ ስክሪንሹት ይደረድራል፣ ስክሪንሹት ደግሞ በአምስት ደቂቃ የሚሠራ ነገር ነው። ብሩ እንደገባለት ብሎክ። መለያ ምልክት ልንገራችሁ፦ ፐብጂ ላይ በትክክል ዩሲ ለመሙላት የሚያስፈልገው የተጫዋቹ መለያ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩን ማንም ቢያውቀው ጉዳት የለውም። ፓስወርድ ስጠኝ፣ ኢሜይልህን ላክ፣ ኮድ ይመጣልሃል ንገረኝ የሚል ሻጭ ዩሲ ሊሞላ አይደለም የመጣው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ አለን፣ ቁጥር 958/2008፣ ማጭበርበርንም ይከለክላል። ግን 300 ብር የተበላ ልጅ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ አይከስም፣ ሌቦቹም ይሄን ያውቃሉ፤ ትንሽ ትንሽ ከብዙ ልጅ ነው የሚወስዱት።

ኩባንያዎቹም ንጹሕ አይደሉም፣ ይሄንን ሳልል ማለፍ አልፈልግም። ገንዘቡን ዩሲ፣ ቪ-ባክስ እያሉ ስም የለወጡለት ልጁ ብር እያወጣ መሆኑ እንዳይሰማው ነው። ጥቅሎቹም ብዙ ጊዜ ከዕቃው ዋጋ ጋር አይገጥሙም፣ ትንሽ ይተርፋል፣ የተረፈውን ለመጠቀም እንደገና መግዛት ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በታኅሣሥ 2022 (በፈረንጅ) የፎርትናይትን ባለቤት ኤፒክ ጌምስን በድምሩ 520 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አስማምቶታል። ከዚያ ውስጥ 245 ሚሊዮኑ ተጫዋቾች ሳያስቡት እንዲገዙ በሚያደርግ አሠራር ላወጡት ገንዘብ መመለሻ ነው። ቀሪው 275 ሚሊዮን ደግሞ የልጆችን የግል መረጃ በተመለከተ ነው። ልጁን አስቀድመው ያስራቡት እነሱ ናቸው፣ ሌባው የተራበ ልጅ ነው ያገኘው።

አንድ ነገር ሁሌ አያለሁ። ልጆቹ የሆነባቸውን የሚናገሩት በጣም ዘግይተው ነው። ፌስቡኩ ተሰርቆ፣ ብሩ ሄዶ፣ ሰው ደውሎ ከጠየቀ በኋላ። ለምን ስላቸው መልሱ አንድ ነው፣ ስልኩን ይቀሙኛል። ሌባው የሚፈልገው ይሄንኑ ነው፣ ልጁ አፍሮ ዝም ባለበት እያንዳንዱ ሰዓት እሱ ይሠራበታል። ስለዚህ ወላጆች፣ እባካችሁ፣ ዛሬውኑ ቁጭ ብላችሁ ንገሯቸው፦ አንድ ነገር ነክተህ ከሆነ ንገረኝ፣ ስልኩን አልወስድብህም፣ አብረን እናስተካክለዋለን። ብላችሁም ቃላችሁን ጠብቁ። አንዴ ከቀማችሁት ሁለተኛ አይነግራችሁም።

ሲነግራችሁ ደግሞ ፍጠኑ። ፓስወርድ አስገብቶ ከሆነ በሌላ ስልክም ቢሆን ወዲያው ቀይሩት፣ ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አካውንቱ የተከፈተባቸውን ሌሎች ስልኮች በሙሉ አስወጡ። የሮብሎክስ ኩኪ ልኮ ከሆነም ይሄው ነው፣ ፓስወርድ መቀየርና ከሁሉም ቦታ መውጣት። ቴሌግራም ላይ ዲቫይስስ የሚለውን ክፈቱ፣ የማታውቁት ስልክ ካለ አባርሩት፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ። ካርድ እየተቆረጠ ከሆነ መልእክቱ የመጣበትን አጭር ቁጥር ፈልጉና መመዝገቡን አቋርጡ፣ ካልሆነ የስልክ ድርጅቱ ጋ ደውላችሁ የተመዘገባችሁባቸውን አገልግሎቶች ንገሩኝ በሏቸው። በስልኩ ላይ ከፕሌይ ስቶር ውጭ የገባ አፕ ካለ አጥፉት። ለዘመድም ቶሎ ደውሉ፣ በመልእክት አይደለም በድምፅ፣ “በስሜ ብር የሚጠይቅ ካለ እኔ አይደለሁም” በሉ። ያቺ ጎረቤት ቀድማ አንድ ስልክ ተደውሎላት ቢሆን ኖሮ ብሯ ይተርፍ ነበር።

የመጨረሻውን የምናገረው ለቻናል አድሚኖች ነው። ኳስ፣ ጌም፣ ቀልድ የምትለጥፉ፣ መቶ ሺህ ሁለት መቶ ሺህ ተከታይ ያላችሁ። እነዚህ ሊንኮች ልጆቹ ጋ የሚደርሱት ብዙ ጊዜ በእናንተ በኩል ነው፣ “ፕሮሞ” ተብሎ ተከፍሎባችሁ፣ ሁለት ሰዓት ተለጥፎ ይጠፋል። ሰርታችሁ መብላታችሁን አልቃወምም። ግን ተከታዮቻችሁ ውስጥ ስንቱ ከአሥራ አምስት ዓመት በታች እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ፣ ኮመንቱን ታነቡታላችሁና። የሚለጠፍላችሁን ሊንክ መጀመሪያ ራሳችሁ ክፈቱት። መለያ ቁጥር አስገቡ፣ እስከ መጨረሻው ሂዱበት፣ ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ እስከሚለው ድረስ። እዚያ ከደረሳችሁ ለከፈላችሁ ሰውዬ ብሩን መልሱለት።